የእንጦጦን ዱካ ማን ጠረገው?

‹‹ቅዳሜ ሀይኪንግ አለ፣ ትመጣላችሁ?›› የሚለው ግብዣ በእኛ ዕድሜ ላለ አዲስ አበቤ ‹‹ቡና እንጠጣ›› ከሚለው ያልተናነሰ የተለመደ ሆኗል፡፡ የስኒከር ማሰሪያ ይጠብቃል፣ ውኃና ቆሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ በጠዋት ሚኒባስ ተይዞ ሽሮ ሜዳ ይደረሳል፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ነው፡፡ ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ግን ነገሩ እስከ ዛሬም በደንብ አልተዋጠላቸውም፡፡ ‹‹እንጦጦ ምን ልታመጡ ነው?›› ይሉናል፡፡ ‹‹ኧረ ምንም፣ እንዲሁ በእግራችን ልንሄድ ነው›› ስንላቸው ‹‹እንዲሁ?›› ብለው ያዩናል፡፡ ዳገት ያለ ጉዳይ አይወጣማ!

ጥያቄው የሚያስቅ ይመስላል፡፡ የእንጦጦን ታሪክ ገለጥ ገለጥ ላደረገ ሰው ግን ከእኛ መልስ ይልቅ የእነሱ ጥያቄ ትክክል ሆኖ ይገኛል፡፡ ዛሬ ፎቶ የምንነሳበት ሸንተረር ሳይቀር፣ እንጦጦ ላይ ያለው ዱካ አንድ ነገር ሊያወጡ ወይም ሊያወርዱ በሄዱ ሰዎች እግር የተጠረገ ነው፡፡ አንዱ ዙፋን ይዞ ወጣ፡፡ ሌላው ግንድ ይዞ ወረደ፡፡ ሌላዋ ጭራሮ አዝላ፣ ሌላው ፀበል በጀሪካን ቀድቶ ተመለሰ፡፡ ‹‹እንዲሁ›› የሚሄደው ሰው የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው፡፡ ስለዚህ መንገዱን ‹‹የተፈጥሮ ውበት›› ብቻ ብለን ብንጠራው የታሪኩን ግማሽ እንዘለዋለን፡፡ ከዘለልነው ግማሽ ውስጥ ደግሞ ዛሬም በሕይወት ያሉ ሰዎች አሉበት፡፡

ተራራውን እንወቀው

እንጦጦ አንድ ጉብታ አይደለም፡፡ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ነው፡፡ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፡፡ የከተማው መሀል በ2,400 ሜትር አካባቢ ስለሚገኝ ከቤታችን ተነስተን ጫፉ እስክንደርስ ከመንገዱ ርቀት በተጨማሪ ሽቅብ ብቻ 800 ሜትር ገደማ አለብን ማለት ነው፡፡ ‹‹ልቤ ልትወጣ ነው›› የሚለው ጓደኛችን እያጋነነ አይደለም፡፡ አየሩ በእርግጥ ይሳሳል፡፡

ሸንተረሩ ላይ ስንቆም ከእይታው የሚበልጥ አንድ ነገር ከእግራችን ሥር አለ፡፡ እንጦጦ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው፡፡ በሰሜን በኩል የጣለው ዝናብ ወደ ሱሉልታ ወርዶ፣ በሙገር በኩል አባይን ተቀላቅሎ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይጓዛል፡፡ በደቡብ በኩል የጣለው ደግሞ ወደ አቃቂ ወንዞች ገብቶ፣ አዋሽን ተከትሎ ይሄድና ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል፡፡ አንድ እርምጃ የማይራራቁ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አንዱ ግብፅ፣ ሌላው አፋር ይገባሉ፡፡ የሸንተረር ዱካ ደስ የሚለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሳያስበው ድንበር ላይ ይራመዳል፡፡

ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት ከተራራው በታች ያለው ሜዳ ፊንፊኔ ይባል ነበር፡፡ ጉለሌ፣ የካ፣ ገላን እየተባሉ የሚጠሩ የኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩበት፣ ያርሱበት፣ ከብት ያረቡበት ነበር፡፡ ዛሬ ታክሲ ረዳቱ ‹‹ጉለሌ! የካ!›› እያለ የሚጠራቸው ስሞች የእነዚያ ሰዎች ስሞች ናቸው፡፡ ከብት ወደ ግጦሽና ወደ ውኃ የሚነዳበት መንገድ ከማንኛውም ቤተ መንግሥት መንገድ ይቀድማል፡፡

ወደ ኋላ ከዚያም ይርቃል፡፡ ጣሊያናዊው መነኩሴ ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 አካባቢ በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ተመልክታለች፡፡ ሃርትቪግ ብሬተርኒትዝና ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ይቺ ከተማ በወጨጫና በየረር ተራሮች መካከል፣ ማለትም ዛሬ አዲስ አበባ በምትገኝበት አካባቢ እንደነበረች ተከራክረዋል፡፡ እንጦጦ ላይም ባለ አምስት ማዕዘን የድንጋይ ግንብ ቅሪት ይገኛል፡፡ ትክክለኛው ቦታ የቱ ነው በሚለው ላይ የታሪክ ሰዎች ክርክር ገና አልበረደም፡፡ ለእኛ ለእግረኞቹ ግን ክርክሩ ራሱ በቂ ቁም ነገር አለው፤ ‹‹ዱር›› ብለን የምናልፈው ቦታ አንድ ጊዜ ሰፈር የነበረ ሊሆን ይችላል፡፡

ዙፋን ይዘው የወጡት

በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበርና ከልቼ ወደ ደቡብ ምዕራብ እያመጡ በመጨረሻ እንጦጦ ላይ ሰፈሩ፡፡ ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነበር፡፡ ግዛታቸው ወደ ደቡብ እየሰፋ ስለነበር መሀል ላይ መገኘት ፈለጉ፡፡ ከሸንተረሩ ላይ ጠላት ከሩቅ ይታያል፤ ለመከላከልም ይመቻል፡፡ የቀድሞ ነገሥታት እዚያ ከተማ ነበራቸው የሚለው ትውፊትም ነበር፡፡ አያት ቅድመ አያት የኖሩበት ቦታ ተመለሰ ማለት ለሥልጣን ትልቅ ድጋፍ ነው፡፡

ስለዚህ መጀመሪያ የተረገጠው ትልቁ መንገድ ሽቅብ የሚወጣው ነው፡፡ እስቲ ነገሩን በእግረኛ ዓይን እናስበው፡፡ ተራራ ጫፍ ላይ ቤተ መንግሥት አለ፡፡ መኳንንቱ አሉ፣ ወታደሩ አለ፣ አሽከርና ገረዱ አለ፡፡ ይህ ሁሉ ሰው ይበላል፡፡ እህሉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ የሚታረደው ሰንጋ ሁሉ በዚያ ዳገት መውጣት አለበት፡፡ እኛ ሁለት ሊትር ውኃ ይዘን የምናማርርበትን ዳገት ያ ትውልድ በአህያና በበቅሎ፣ ሲብስም በሰው ጀርባ ጓዙን ያመላልስበት ነበር፡፡ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል፡፡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው፡፡ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን ሙዚየምና አጠገቡ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት የሚያይ ሰው በቀላልነቱ ይገረማል፡፡ የአድዋው ንጉሥ የኖሩበት ቤት ጭቃና እንጨት ነው፡፡

እንጦጦ ግን አያኖርም፡፡ ብርዱ፣ ነፋሱ፣ የክረምቱ መብረቅና ጭቃ አስመራሪ ነበር፡፡ ታሪኩን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን፤ ምኒልክ ወደ ሐረር በዘመቱበት በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ ቤት እንዲሠራላቸው አደረጉ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት፡፡ መኳንንቱ በየተራ መሬት እየተመሩ ወረዱ፡፡ በ1880ዎቹ አጋማሽ ቤተ መንግሥቱም ጠቅልሎ ወረደ፡፡ ተራራው ላይ የቀሩት ካህናቱና አብያተ ክርስቲያናቱ ነበሩ፡፡ ሽቅብ ይጎርፍ የነበረው ሰው አሁን ቁልቁል መፍሰስ ጀመረ፡፡

ተራራው ሲራቆት

ከተማው ሲወርድ እንጦጦ አላረፈም፡፡ እንዲያውም ትልቁ ሸክም የጀመረው ያኔ ነው፡፡

ታች እየሰፋ ያለው ከተማ የሚሠራው በእንጨት ነው፡፡ ግድግዳው እንጨት፣ አጥሩ እንጨት፣ ማገዶው እንጨት፡፡ ጽዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው በምሳር እየወደቀ በእንጦጦ ጎን ቁልቁል ወረደ፡፡ ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ የከተማው ዙሪያ ተራቆተ፡፡ ማገዶ ፍለጋ የሚኬደው መንገድ በየዓመቱ ይረዝም ጀመር፡፡

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አልነበረም፡፡ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ መጥቶ ያየው ቤተ መንግሥት የድንኳን ከተማ ነበር፤ ከቦታ ቦታ የሚዛወር፡፡ ነገሥታቱ የሚንቀሳቀሱበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንዱ ይኸው ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ሲሰፍር እንጨቱና እህሉ ያልቃል፡፡ ሲያልቅ ድንኳን ይነቀላል፡፡ ጎንደርን የመሰለ ቋሚ ከተማ የታየው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፡፡ አዲስ አበባም የድንኳኖቹ ዕጣ ሊደርሳት ተቃርቦ ነበር፡፡ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር፡፡ እዚያ ደን ነበረ፡፡ ነገሩ እንደታሰበው ሄዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቦሌ ብለን የምንጠራው ቦታ እርሻ ይሆን ነበር፡፡ እንጦጦም ላይ ከሁለት አብያተ ክርስቲያናት በቀር የሚታወስ ላይኖር ይችል ነበር፡፡

ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ

ነገሩን የለወጠው አንድ ዛፍ ነው፡፡ ስሙ ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ባሕር ዛፍ፡፡ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማለት ነው፡፡ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ እንደሆነ ይነገራል፡፡ ብዙ ጊዜ ስሙ አብሮ የሚነሳው ፈረንሳዊው የምኒልክ አማካሪ ሞንዶን ቪዳዬ ነው፡፡

ባሕር ዛፍ ሌሎቹ ዛፎች የሌሏቸው ሦስት ጠባዮች ነበሩት፡፡ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቤት ምሰሶ ይደርሳል፡፡ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቆርጣል፡፡ ፍየልና በግ ደግሞ ቅጠሉን አይደፍሩትም፡፡ ምኒልክ ባሕር ዛፍ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነፃ በማድረግና ችግኝ በማከፋፈል ሰዉን አበረታቱ፡፡ ሰዉም ተከለ፡፡ ገበያው እጁ ላይ ነበራ! ትንሽ ቆይቶ አዲስ አበባ ከሩቅ ስትታይ ከተማ ሳትሆን ጫካ የምትመስል ሆነች፡፡ አዲስ ዓለም ላይ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ፤ ዋና ከተማዋም ባለችበት ቀረች፡፡

ዛሬ እንጦጦ ላይ የምንተነፍሰውና ‹‹ንጹሕ የተፈጥሮ አየር›› የምንለው ሽታ እንግዲህ ይህ ነው፡፡ ተፈጥሮ አይደለም ማለታችን አይደለም፡፡ የተተከለ ተፈጥሮ ነው ማለታችን ነው፡፡ ሰው ጨርሶት፣ መልሶ ሰው የተከለው፡፡

ዕዳም አለበት፡፡ ባሕር ዛፍ ውኃ በብዛት ይጠጣል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አይበቅልም፡፡ የወደቀው ቅጠል ደግሞ ለማገዶ ስለሚጠረግ አፈሩ ባዶውን ይቀራል፡፡ የክረምት ዝናብ ሲመጣ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፡፡ ዱካው ላይ እንደ ጎርፍ ቦይ የተቦረቦረው ቀይ አፈር ምስክር ነው፡፡ የአገር በቀሉ ደን ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ውስጥ ያሉትን ጽዶች ይመልከት፡፡ አንድ ቀን ሙሉ ጊዜ ካለውም ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ደን ይሂድ፡፡ የሱባን ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ባስመጡት የጽድ ዘር አስተከሉት የሚል ትውፊት አለ፡፡ ይህ እውነት ከሆነ፣ ‹‹ድንግል ደን›› የምንለው እንኳ የሰው እጅ አለበት፡፡ በ1980ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ የተባለው ማኅበር እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ጀምሯል፡፡ መቶ ዓመት የፈጀ ነገር በአንድ ክረምት ችግኝ ተከላ እንደማይመለስ ግን ዳገቱን በእግሩ የወጣ ሁሉ ይገባዋል፡፡

ጀርባቸው ላይ ከተማ ያዘሉ

አሁን ወደ ዋናዎቹ መንገድ ጠራጊዎች እንምጣ፡፡

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የግል ደኖችም የመንግሥት ሆኑ፡፡ በቀጣዮቹ ዓመታት በውጭ እርዳታ ጭምር በአዲስ አበባ ዙሪያ ሰፋፊ የባሕር ዛፍ ተክሎች ተስፋፉ፤ ጥበቃም ተመደበላቸው፡፡ ከታች ደግሞ በየመንደሩ የሚጋገር እንጀራ አለ፡፡ የምጣድ እሳት ጭራሮና ቅጠል ይወዳል፡፡ የጎደለውን ያሟሉት ሴቶች ናቸው፡፡ ሌሊት ከሽሮ ሜዳ፣ ከፈረንሳይ፣ ከቁስቋም፣ ከየካና ከኮተቤ እየተነሱ ዳገቱን ወጥተው፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ አስረውና አዝለው ከሰዓት በኋላ ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች፡፡

የሸክሙ ክብደት ከ30 ኪሎ ይበልጣል፤ ከተሸካሚዋ የራስ ክብደት ጋር የሚቀራረብበትም ጊዜ አለ፡፡ ወገቧ ስለሚታጠፍ ፊቷ መሬት ያያል፡፡ እኛ ‹‹እይታው ሲያምር!›› የምንልበትን ቦታ እሷ ለዓመታት አልፋበት ከተማው ከዚያ ምን እንደሚመስል ቀና ብላ ላታይ ትችላለች፡፡ የዓለም ሥራ ድርጅት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጉዳያቸውን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ዘገባ ወጥቷል፡፡ በዘገባው የተነገረው በአጭሩ ይህ ነው፤ የከተማዋ ማገዶ ትልቅ ድርሻ በእነዚህ ሴቶች ጀርባ ላይ ነው የሚመጣው፡፡ እነሱ ግን እንደ ሠራተኛ አይቆጠሩም፤ ጥበቃ ካገኛቸው እንደ ሌባ ይባረራሉ፣ ሸክማቸውንም ይቀማሉ፡፡ ከዚያ ወዲህ ሸክሙን ትተው በሽመናና በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚዎች ማኅበር አቋቁመዋል፡፡

አሁን ዱካውን በደንብ እንየው፡፡ የእንጦጦ ቀጫጭን መንገዶች ለምን ይጠማዘዛሉ? ባዶ እጁን ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፡፡ ሠላሳ ኪሎ ያዘለ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ከወረደ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፡፡ ከመንገዱ ዳር ወገብ የሚያህል አፋፍ ወይም ድንጋይ ለምን አጠገቡ ያለው መሬት ተረግጦ ልሙጥ ይሆናል? ሸክም አንዴ መሬት ከነካ ብቻውን ማንሳት ይከብዳልና፣ ሳያወርዱ ጀርባን አስደግፎ ማረፊያ ስለሆነ ነው፡፡ እኛ ጎን ላይ ቆመን ቆሎ የምንበላበት ‹‹ምቹ ቦታ›› በእነሱ ድካም የተመረጠ ነው፡፡ የሸንተረሩን ካርታ የሣለ ባለሙያ የለም፡፡ ሸክም ነው የሣለው፡፡

ፀበልተኛውና ሯጩ

ሌላም ጉዳይ የነበራቸው ሰዎች ወጥተዋል፡፡ የእንጦጦ ፀበል ከጥንትም የታወቀ ቢሆንም በ1990ዎቹ ትልቅ ስም ያወጣው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው፡፡ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት እንደልብ ባልነበረበትና ሰው ስለ በሽታው በሹክሹክታ በሚያወራበት ጊዜ ብዙ ታማሚዎች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ተራራው ላይ ቤት ተከራይተው ኖሩ፡፡ ማታ የገቡበትን ዳገት ሳይወርዱ ያለፉ አሉ፡፡ መድኃኒቱ ሲመጣ ደግሞ ‹‹ፀበል እየጠመቅን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው ወይ?›› የሚል ጥያቄ ተነሳ፡፡ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ መናገራቸው ለብዙዎች የሕይወት ጉዳይ ነበር፡፡ ያን ጊዜ ዳገቱን ተደግፈው የወጡ ሰዎች ዛሬ ልጅ አድርሰው የሚኖሩበት ምክንያት ይኸው ነው፡፡

ሯጮቹም አሉ፡፡ ኃይሌ ገብረሥላሴን የመሰሉ አትሌቶች ሳንባቸውን የሠሩት እንጦጦ ላይ ነው፡፡ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሯጩ ሽቅብ፣ ጭራሮ ለቃሚዋም ሽቅብ በአንድ ዱካ ይወጣሉ፡፡ አንዱ ለሜዳሊያ፣ ሌላዋ ለዕለት እንጀራ፡፡ ሁለቱንም ያቺው የሳሳች አየር ታስተነፍሳቸዋለች፡፡ በቅርቡ ደግሞ ወደ ላይ የሚያዩ ሰዎች መጡ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስታወት የተገጠመላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2015 ተመረቀ፡፡

የመዝናኛው ዘመን

በመስከረም 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተከፈተ፡፡ አስፋልት ገባ፣ የእግርና የብስክሌት መንገድ ተሠራ፣ ካፌና ሬስቶራንት ተከፈተ፡፡ ለእኛ ትውልድ ትልቅ ነገር ነው፡፡ መናፈሻ በጠፋባት ከተማ ውስጥ ንፋስ የሚነፍስበት፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ቦታ መገኘቱን የሚጠላ የለም፡፡ ‹‹እንጦጦ ብቻህን አትሂድ፣ ትዘረፋለህ›› ይባል የነበረበት ጊዜ እንዳለ እናስታውሳለን፡፡

ጥያቄያችን ሌላ ነው፡፡ ተራራ መዝናኛ ሲሆን ተራራው ሥራቸው የነበሩ ሰዎች የት ይሄዳሉ?

ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት ሌሎች በተገላቢጦሹ ጠይቀውታል፡፡ እንግሊዝ አገር፣ ማንቸስተር አጠገብ ኪንደር ስካውት የሚባል ከፍተኛ ቦታ አለ፡፡ ባለመሬቶቹ ለአደን ከልለውት ሰው ዝር እንዳይል ያደርጉ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1932 በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ክልከላውን ጥሰው ወጡ፡፡ አምስቱ ታሰሩ፡፡ ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ስድስት ቀን በጭስ ውስጥ የሚውል ሰው ሰባተኛውን ቀን ተራራ ላይ የመራመድ መብት የለውም ወይ? ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949፣ እንግሊዝ የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መዳረሻ ሕግ አወጣች፡፡ ኪንደር ስካውት ያለበት አካባቢም በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፡፡

እዚያ ሠራተኛው ወደ ተራራው ለመግባት ታገለ፤ ተራራው የሀብታም መዝናኛ ነበርና፡፡ እዚህ ሠራተኛዋ ድሮም ተራራው ላይ ናት፤ መዝናኛው ነው አሁን የመጣው፡፡ ትምህርቱ ግን አንድ ነው፡፡ የእግር መንገድ ሁልጊዜ የመብት ጉዳይ ነው፡፡ አጥር በተሠራ ቁጥር አንድ ሰው ‹‹ትናንት እዚህ ነበር የማልፈው›› ይላል፡፡

ሚዛናዊ እንሁን፡፡ እንጨት መሸከም የሚናፈቅ ኑሮ አይደለም፡፡ ማንም እናት ልጇ የእሷን ገመድ እንድትወርስ አትመኝም፡፡ የከተማው አስተዳደር ከሸክም የወጡ እናቶች በእንጀራ መጋገሪያ ማዕከል እንዲሠሩ ማድረጉ ጥሩ ነገር ነው፡፡ ለሌላው ምጣድ ማገዶ ስታወርድ የኖረች ሴት በደመወዝ መጋገሯ የታሪክ ካሳ ይመስላል፡፡ ነገር ግን ሸንተረሩ ረጅም ነው፡፡ ከፓርኩ ወሰን ውጪ ባለው ክፍል ዛሬም ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች ይወርዳሉ፡፡ ሥራ ያገኙት ሲቆጠሩ፣ ሥራ ሳያገኙ መንገዳቸው ብቻ የተዘጋባቸውም መቆጠር አለባቸው፡፡

የምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲወጣ መንገዱ ተቀየረ፤ የፊንፊኔ ሰዎች ግን ስለ መሬታቸው አልተጠየቁም፡፡ ደኑ የመንግሥት ሲሆን ባለቤቱ ተቀየረ፤ ጭራሮ ለቃሚዋም አልተጠየቀችም፡፡ በመቶ አርባ ዓመት ውስጥ እንጦጦ ስንት ጊዜ ተለወጠ! በየለውጡ ያልተለወጠው አንድ ነገር፣ ዱካውን በእግሩ የጠረገው ሰው ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው፡፡

እንግዲህ እኛስ?

እኛ ያለ ሸክም እንጦጦን የምንወጣ የመጀመሪያው ትልቅ ትውልድ ሳንሆን አንቀርም፡፡ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፡፡ አያቶቻችን ዳገት የወጡት እኛ ያለ ሸክም እንድንወጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም፡፡ ግን ‹‹እንዲሁ›› መሄድ የሚቻለው ሌላው ሰው ‹‹ለጉዳይ›› ስለሄደ መሆኑን ማወቅ ይገባናል፡፡

ስለዚህ የሀይኪንግ አዘጋጅ ወዳጆቻችን ለተጓዡ ቲሸርትና የታሸገ ውኃ ሲያዘጋጁ ግማሽ ሰዓት ለታሪኩ ቢጨምሩ ምን አለበት? የተፋሰሱን ድንበር ያሳዩ፡፡ ጽዱንና ባሕር ዛፉን ይለዩ፡፡ ሽሮ ሜዳ ላይ የቀድሞ ተሸካሚዎች የሸመኑት ነጠላ ካለ ከቻይና ኮፍያ ይልቅ እሱ ይገዛ፡፡ የእግር መንገድ የሚቀይሱ ባለሙያዎችም ካርታቸውን ከመሣላቸው በፊት ተሸካሚዎቹን ያናግሩ፡፡ የትኛው ቁልቁለት በክረምት እንደሚናድ፣ የትኛው ምንጭ በበጋ እንደማይነጥፍ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም፡፡ ያ እውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ካረጁ አብሮ ይጠፋል፡፡

አንድ ነገር ደግሞ ምንም በጀት አይጠይቅም፡፡ ጠባብ ዱካ ላይ ሸክም ያዘለች እናት ከፊታችን ስትመጣ ጆሮ ማዳመጫችንን እናውልቅ፣ ስልካችንን ኪስ እንክተት፣ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጥግ ገብተን እሷን እናሳልፍ፡፡ ሳናስፈቅድ ፎቶ አናንሳት፡፡ ‹‹እናቴ፣ በርቺ›› እንበላት፡፡ መንገዱ የእሷ ነው፤ እኛ ገና አሁን ነው የመጣነው፡፡